የማርቲን ሉተር ኪንግ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ፣ አትላንታ፦ የቱ ጋ መቆየት፣ የቱን ማለፍ

አትላንታ ውስጥ ዘመድ ያለው እንግዳ አንድ ቀን የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል መሪ የነበሩት የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ፓርክ ወዳለበት ወደ ኦበርን አቬኑ መወሰዱ አይቀርም። ከኢትዮጵያ የመጡ እናትና አባት፣ ከዋሽንግተን ለሠርግ የመጣ ወዳጅ፣ ለስብሰባ የመጣ ሰው፣ ሁሉም ይሄዳል። የሚበዛው ሰው መኪናውን ያቆማል፣ መቃብሩ ፊት ፎቶ ይነሳል፣ የትውልድ ቤቱን በር ተዘግቶ ያገኘዋል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ይመለሳል። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ፓርኩን አየው ለማለት ይከብዳል። የዚህ ቦታ ትልቁ ሀብት አሮጌው የአቤንኤዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንና መንገዱ ራሱ ነው። መቃብሩና የትውልድ ቤቱ ከእነዚህ ቀጥለው የሚመጡ ናቸው። ለቤተ ክርስቲያኑና ለመንገዱ በቂ ጊዜ ሰጥታችሁ ከሄዳችሁ፣ በነጻ ከሚጎበኙ የታሪክ ቦታዎች ሁሉ ከላይ ከሚቀመጡት አንዱን ታያላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ቦታው አንድ ቢመስልም ባለቤቱ አንድ አለመሆኑ ነው። የጎብኚዎች ማዕከሉን፣ የትውልድ ቤቱን፣ አሮጌውን የእሳት አደጋ ጣቢያና በዙሪያው ያሉ ብዙ ቤቶችን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መንግሥቱ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። አሮጌውን ቤተ ክርስቲያንም በረጅም ጊዜ ውል ይዞ ለጎብኚ የሚከፍተው እሱ ነው። መቃብሩ፣ የውኃ ገንዳውና ፍሪደም ሆል የሚባለው አዳራሽ ደግሞ የኪንግ ሴንተር ናቸው። ይህን ድርጅት ወይዘሮ ኮሬታ ስኮት ኪንግ ባለቤታቸው በተገደሉበት በ1968 ዓመት የመሠረቱት ሲሆን እስከ ዛሬም ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም። ከመንገዱ ማዶ ያለው አዲሱ የአቤንኤዘር ሕንፃ በ1999 የተመረቀ ነው፤ ምእመናኑ እሑድ እሑድ የሚያመልኩት በዚያ ነው።

ይህ ክፍፍል ለጎብኚው በተግባር ይደርሰዋል። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል፤ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓታቸውም ሁልጊዜ አይገጥምም። ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ቀርቶ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሲዘጉ የፓርኩ ሕንፃዎችም ይዘጋሉ። በታኅሣሥ 2018 በጀመረው መዘጋት ሕንፃዎቹ በዶክተር ኪንግ በዓል ዋዜማ የተከፈቱት የዴልታ አየር መንገድ ፋውንዴሽን 83,500 ዶላር ስለሰጠ ነው። ስለዚህ ዜናው ላይ የመንግሥት መዘጋት ከተነሳ፣ ጉዟችሁን ከመጀመራችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ ተመልከቱ።

የሚከፈል ነገር የለም። መግቢያው ነጻ ነው፤ የመኪና ማቆሚያውም ነጻ ነው። ማቆሚያው ያለው በኦበርን በኩል ሳይሆን ከኋላ፣ በጆን ዌስሊ ዶብስ አቬኑ፣ በጃክሰን ስትሪትና በቡሌቫርድ መካከል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የካርታ መተግበሪያውን ተከትሎ ኦበርን ላይ ይደርስና ዳር ላይ ቦታ ሲፈልግ ይዞራል፤ ወይም በአቅራቢያ ላለ የግል ማቆሚያ ይከፍላል። መተግበሪያው ላይ የፓርኩን ስም ከመጻፍ የማቆሚያውን መንገድ ስም መጻፍ ይሻላል። መኪናው ውስጥ ቦርሳም ሆነ ስልክ በሚታይ ቦታ አትተዉ። አትላንታ ውስጥ የመኪና መስታወት ሰብሮ መስረቅ የተለመደ ወንጀል ነው።

በባቡር የሚመጣ ሰው ደግሞ የሚሳሳትበት ሌላ ቦታ አለ። ማርታ ከሚባለው የከተማዋ የባቡር አገልግሎት ጣቢያዎች አንዱ ኪንግ ሜሞሪያል ይባላል፤ ሲወርዱ ፓርኩ እዚያው ያለ ይመስላል፤ ግን ስምንት ብሎክ ያህል በእግር ይቀራል። ጤነኛ ጎልማሳ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ወላጆች ግን በሐምሌ ሙቀት ቀላል አይደለም። ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጣ ሰው የቀዩን ወይም የወርቃማውን መስመር ይዞ ፋይቭ ፖይንትስን አልፎ ፒችትሪ ሴንተር ይውረድና እዚያ ወደ አትላንታ ስትሪትካር ይቀይር። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው ይህ ትራም 2.7 ማይል ርዝመት ባለው ዙር መስመሩ ላይ ኪንግ ሂስቶሪክ ዲስትሪክት የሚባል ፌርማታ አለው፤ ከፓርኩ ደጃፍ ያወርዳል። የማርታ ዋጋ 2.50 ዶላር፣ የትራሙ 1 ዶላር ነው። ትራሙ ቀርፋፋ ነው፤ ለጥገና የሚቆምበትም ጊዜ አለ። ቀጠሮ ያለው ሰው በእሱ ላይ አይተማመን።

የጎብኚዎች ማዕከሉ በ1996 ለአትላንታ ኦሎምፒክ የተሠራ ሕንፃ ነው። መጸዳጃ ቤት፣ የመጠጥ ውኃ፣ የዕለቱ የገለጻ ሰዓትና ካርታ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጉብኝቱ ከዚህ ቢጀመር ይመረጣል። ዋናው ኤግዚቢሽን የዶክተር ኪንግን ሕይወትና የመብት ትግሉን ጎን ለጎን እያስኬደ በስድስት ክፍል ያሳያል፤ የዘር መለያየት ሕግ ከነበረበት ደቡብ ተነስቶ፣ በትምህርትና በጥሪ በኩል አልፎ እስከ ግድያው ይደርሳል። መካከል ላይ ዳገት የሚወጡ የሰልፈኞች ሙሉ ቁመት ሐውልቶች አሉ። ልጆች በመካከላቸው ገብተው አብረው መራመድ ይችላሉ፤ እዚህ ሕንፃ ውስጥ በጣም የተሳካው ክፍል ይኸው ነው። በ1963 በበርሚንግሃም ውሻና የእሳት አደጋ ቧንቧ ውኃ የተለቀቀባቸው ተማሪዎች ታሪክም ለወጣት ጎብኚዎች ለብቻው ተዘጋጅቷል፤ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ያለው ሰው እዚያ ይቁም።

የቀረው አቀራረብ አርጅቷል። ብዙ ፓነል፣ ብዙ ጽሑፍ፣ በየጥጉ ቪዲዮ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ቋንቋው ለማይቀናቸው ወላጆች አብሯቸው የሄደው ልጅ አስተርጓሚ መሆን አለበት። ሁሉንም ፓነል መተርጎም ያደክማል፤ ጥቅሙም ትንሽ ነው። ሦስት ነገር ብቻ መርጦ መንገር ይበቃል። አንደኛ፣ ጥቁሮች በሕግ በሌላ በር የሚገቡበት፣ በሌላ ቧንቧ የሚጠጡበት አገር እንደነበረ። ሁለተኛ፣ በሞንትጎመሪ ጥቁሮች ለ381 ቀን አውቶቡስ ሳይሳፈሩ በእግራቸውና በመኪና እየተጋሩ ሄደው መለያየቱን እንዳስቀሩ፤ ያን አድማ ሲመሩ ዶክተር ኪንግ ገና 26 ዓመታቸው እንደነበረና በጥር 30 ቀን 1956 ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው ውስጥ እያሉ ቤታቸው ላይ ቦምብ እንደተጣለ። ሦስተኛ፣ ከዚህ ትግል የወጡትን ሕጎች፦ የ1964ቱን የሲቪል መብት ሕግ፣ የ1965ቱን የመምረጥ መብት ሕግ፣ የ1968ቱን የመኖሪያ ቤት ሕግ። አርባ አምስት ደቂቃ ለዚህ ሁሉ ይበቃል።

ከዚያ መንገዱን ተሻግራችሁ ወደ አሮጌው አቤንኤዘር ግቡ፤ አትቸኩሉ። ቀይ ሸክላ ጡብ ያለው፣ መካከለኛ መጠን ያለው ሕንፃ ነው። የታችኛው ክፍል በ1914 ሥራ ጀመረ፤ ገንዘቡ እየተዋጣ የላይኛው አዳራሽ ያለቀው በ1922 ነው። ጉባኤው ግን ከሕንፃው ይቀድማል፤ የተመሠረተው በ1886 ነው። የዶክተር ኪንግ የእናታቸው አባት፣ ቄስ አዳም ዳንኤል ዊሊያምስ፣ በ1894 ሲረከቡት 13 አባላት ብቻ ነበሩት። እሳቸው በ1931 ሲያርፉ አማቻቸው፣ የዶክተር ኪንግ አባት፣ ተተኩ፤ እስከ 1975ም አገለገሉ። ዶክተር ኪንግ በየካቲት 1948 በዚህ አዳራሽ ለአገልግሎት ተሾሙ፤ ከ1960 እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም ከአባታቸው ጋር እዚሁ አብረው ሰበኩ። ለሕዝብ የቆመ ሰው ከየት እንደበቀለ ማየት የሚፈልግ እዚህ ያየዋል። ከእናቱ ወገን አያቱ፣ ከዚያ አባቱ፣ ከዚያ እሱ፣ በአንድ መስበኪያ።

አዳራሹ ረጅም እድሳት ተደርጎለት በ2011 ሲከፈት በ1960ዎቹ ወደነበረው መልኩ እንዲመለስ ተደርጓል፤ አግዳሚዎቹ፣ ምንጣፉ፣ የመብራቱ ቀለም ያንን ዘመን ይከተላሉ። ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃም ሆነ በየግድግዳው የሚያወራ ስክሪን የለም። ከድምጽ ማጉያው የዶክተር ኪንግ የተቀዱ ስብከቶች ይሰማሉ። የፓርኩ ሠራተኞች ካደረጉት ሁሉ የላቀው ውሳኔ ይህ ነው እንላለን፤ ሰው ተቀምጦ እንዲያዳምጥ ትተውታል። እንግሊዝኛ የማይሰሙ ወላጆች እንኳ ከጉባኤው ጋር የሚደረገውን መቀባበል፣ ድምጹ ቀስ ብሎ ተነስቶ እየጨመረ የሚሄድበትን መንገድ ይረዱታል፤ ስብከት ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች ናቸውና ትርጉም ባይኖርም ዜማው ይደርሳቸዋል። በፊተኛው አግዳሚ ላይ ሳይሆን በመካከለኛው ረድፍ ተቀመጡ። ቢያንስ አንድ ስብከት እስከ መጨረሻው ስሙ።

እዚያ ተቀምጣችሁ ልታውቋቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች በዚሁ አዳራሽ ተፈጽመዋል። በጥር 1957 ከደቡብ ግዛቶች የመጡ ቄሶችና የመብት መሪዎች እዚህ ተሰብስበው በኋላ የደቡብ ክርስቲያን አመራር ጉባኤ የሆነውን ድርጅት መሠረት ጣሉ። የሞንትጎመሪው ድል የአንድ ከተማ ጉዳይ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው ይህ ስብሰባ ነው።

ሁለተኛው ቀብሩ ነው። በየካቲት 4 ቀን 1968 ዶክተር ኪንግ እዚህ መስበኪያ ላይ ቆመው ስለ ገዛ ቀብራቸው ተናገሩ። ማንም የኖቤል ሽልማቴን አያንሳ፤ ሌሎችን ለማገልገል፣ የተራቡትን ለማብላት፣ የታረዙትን ለማልበስ ሞክሯል ይባልልኝ የሚል መንፈስ ያለው ስብከት ነበር። ልክ በሁለት ወሩ፣ በሚያዝያ 4፣ ሜምፊስ ላይ ተገደሉ። በሚያዝያ 9 የቀብር ጸሎቱ በዚሁ አዳራሽ ሲደረግ፣ በባለቤታቸው ፈቃድ የዚያ ስብከት ቅጂ ተከፍቶ፣ ዶክተር ኪንግ በራሳቸው ቀብር ላይ ራሳቸው ተናገሩ። ከዚያ አስከሬኑ በሁለት በቅሎ በሚጎተት ተራ የገበሬ ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው እየተከተለው፣ እስከ ሞርሃውስ ኮሌጅ ተጓዘ። ጋሪው የተመረጠው ለወግ ብቻ አልነበረም። ሲሞቱ እያዘጋጁት የነበረው የድሆች ዘመቻ ምልክት ነበር።

ሦስተኛውን ብዙ ጎብኚ ሳያውቅ ይወጣል። በሰኔ 30 ቀን 1974፣ እሑድ ጠዋት፣ የዶክተር ኪንግ እናት ወይዘሮ አልበርታ ዊሊያምስ ኪንግ ኦርጋን እየመቱ ሳሉ አንድ ታጣቂ ተነስቶ ተኩሶ ገደላቸው፤ አንድ ዲያቆንም አብሮ ሞተ። አባትየው በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውንና ሚስታቸውን ቀበሩ፤ ታናሹ ልጅ ኤ. ዲ. በ1969 በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላም ጥላቻ እንደማይዙ እየተናገሩ በዚሁ መስበኪያ ላይ ቆሙ። ወደ ፊት ስትራመዱ የኦርጋኑን ቦታ ፈልጉት። በእኛ ግምት እኚህ እናት በፓርኩ ውስጥ ካገኙት ቦታ የበለጠ ይገባቸዋል። ልጃቸውን ያሳደጉት፣ የመዘምራኑን ቡድን የመሩት፣ በመጨረሻም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የወደቁት እሳቸው ናቸው።

ስለ ሰዓቱ አንድ ማሳሰቢያ። እሑድ ለአምልኮ መሄድ የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ አዲሱ ሕንፃ ነው። ዋናው ፓስተር ከ2005 ጀምሮ ሴናተሩ ራፋኤል ዋርኖክ ናቸው። ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፤ ቱሪስት ይበዛል። ፎቶ ለማንሳት ብሎ ገብቶ በመካከል መውጣት ነውር ነው፤ የገባ እስከ ቡራኬው ይቀመጥ።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ ነው። ዶክተር ኪንግ መጀመሪያ የተቀበሩት በሳውዝ ቪው መካነ መቃብር ሲሆን በ1970 ወደዚህ ተዛወሩ፤ ወይዘሮ ኮሬታ በጥር 2006 አርፈው በዚያው ዓመት መጨረሻ ከጎናቸው ተቀመጡ። ረጅም፣ እርከን እርከን እያለ የሚወርድ ሰማያዊ የውኃ ገንዳ መካከል ላይ ነጭ እብነ በረድ አለ። በእሳቸው በኩል በመጨረሻ ነጻ ወጣሁ የሚለው ከባርነት ዘመን መዝሙር የተወሰደ ቃል ተቀርጿል። በእሷ በኩል የ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥13 ቃል ነው፤ እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር፣ ከእነዚህም የሚበልጠው ፍቅር ነው የሚለው። ይህን ለወላጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ወዲያው ያውቁታል። ፊት ለፊት የማይጠፋው እሳት አለ። ለፎቶ የጠዋቱ ብርሃን ይሻላል፤ እኩለ ቀን ላይ ውኃውና ድንጋዩ ዓይን ይወጋሉ። ጥላ ስለሌለ በበጋ ኮፍያ ወይም ጃንጥላ ያዙ። ፍሪደም ሆል ውስጥ የቤተሰቡ የግል ዕቃዎች አሉ፤ ለማሕተማ ጋንዲና ለሮዛ ፓርክስ የተሰጠ ቦታም አለ። ለወይዘሮ ኮሬታ የተመደበው ክፍል መታለፍ የለበትም። በዓሉ እንዲታወጅ አሥራ አምስት ዓመት የታገሉት እሳቸው ናቸው፤ ሕጉ በኅዳር 2 ቀን 1983 ተፈርሞ መጀመሪያ የተከበረው በጥር 20 ቀን 1986 ነው።

ወደ ምሥራቅ አንድ ብሎክ ስትወጡ የትውልድ ቤቱ፣ ቁጥር 501፣ አለ። በ1895 የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። አያታቸው በ1909 በ3,500 ዶላር ገዙት፤ ዶክተር ኪንግ በጥር 15 ቀን 1929 ላይኛው ፎቅ ላይ ተወለዱ፤ 12 ዓመት እስኪሞላቸውም እዚያው አደጉ። ከኅዳር 2023 ጀምሮ ለትልቅ እድሳት ተዘግቷል፤ መዋቅሩን፣ የኤሌክትሪክና የአየር ማቀዝቀዣ መስመሩን የሚነካ ሥራ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት መከፈቱን አጣሩ። ክፍት በሚሆንበት ጊዜ የኖረው አሠራር ይህ ነው፦ መግባት የሚቻለው ከፓርኩ ሬንጀር ጋር ብቻ ነው፤ በአንድ ዙር እስከ 15 ሰው፤ ምዝገባው በዚያው ዕለት፣ በአካል፣ ቀድሞ ለደረሰ። ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ ወይም ወሩ ጥርና የካቲት ከሆነ የዕለቱ ቦታ ከሰዓት ሳይደርስ ያልቃል። እኩለ ቀን ላይ ደርሶ የሚበሳጨው ሰው የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ቢዘጋም ከበሩ ፊት መቆም ዋጋ አለው፤ ግን ቤቱን ብቻ አትዩ፤ ዙሪያውንና ማዶውን እዩ። ከትውልድ ቤቱ አካባቢ በረድፍ የተሠሩ ጠባብና ዝቅተኛ መንታ ቤቶች አሉ። በ1905 ገደማ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ድርጅት ለነጭ ሠራተኞቹ የሠራቸው ናቸው። በ1906 በአትላንታ በጥቁሮች ላይ ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ ነጮቹ እየለቀቁ ጥቁሮች ገቡ። የቄሱ ባለ ፎቅ ቤትና የቀን ሠራተኛው ጠባብ ቤት በአንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ናቸው። የዘር ሕጉ ሐኪሙንም፣ ነጋዴውንም፣ አጣቢዋንም በአንድ ሰፈር አጥሮ ስላኖራቸው ኪንግ ሲያድጉ ድህነትን በየቀኑ ከበራቸው ማዶ ያዩ ነበር። ይህን የሚያስረዳ ጽሑፍ በቦታው ላይ ጎልቶ አይታይም፤ ቤቶቹን ሳያስተውል የሚያልፍ ብዙ ነው።

የእሳት አደጋ ጣቢያ ቁጥር 6 በዚያው ጥግ ነው። በ1894 ተሠርቶ እስከ 1991 አገልግሏል፤ አንድ የ1927 የእሳት ማጥፊያ መኪና ቆሞበታል። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ ትንንሽ ልጆች ግን ከሁሉ አስበልጠው ይወዱታል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ፓርኩ እስከ 1965 ያሉትን ኪንግ በደንብ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ያሳጥራል። ለመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የተሰጠው ቦታ አለ፤ ግን ከክብደታቸው ጋር አይመጣጠንም። በ1966 ቺካጎ ሄደው የሰሜኑን የቤት አድልዎ ተጋፈጡ። በሚያዝያ 4 ቀን 1967 በኒውዮርክ የቬትናምን ጦርነት አወገዙ፤ ትልልቅ ጋዜጦችና ብዙ የትግል ወዳጆቻቸው ሳይቀሩ ነቀፏቸው። ከዚያ ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን ተገደሉ። ሜምፊስ የሄዱት ሁለት የጽዳት ሠራተኞች በቆሻሻ መኪና መጭመቂያ ውስጥ ከሞቱ በኋላ ሥራ ላቆሙት 1,300 ያህል ሠራተኞች ሊቆሙላቸው ነበር። በ1966 ጋሎፕ ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት 63 በመቶ አሜሪካዊ ለእሳቸው መጥፎ አመለካከት ነበረው። ይህ ቁጥር በመግቢያው ግድግዳ ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት። ሁሉም የሚወደው ኪንግ ከሞቱ በኋላ የመጣ ነው፤ በሕይወት ሳሉ የከፈሉት ዋጋ ግን ከዚህ ፓርክ ሙሉ በሙሉ አይታይም።

የአትላንታው ታሪክም በበቂ አልተነገረም። በጥቅምት 1960 ሪችስ በሚባለው ትልቅ መደብር፣ ጥቁሮችን በማያስተናግደው ምግብ ቤት፣ ከተማሪዎች ጋር በተቃውሞ ተቀምጠው ታሰሩ፤ ሌሎቹ ሲፈቱ እሳቸው በአንድ የቆየ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ሰበብ ወደ ሪድስቪል ወህኒ ተላኩ። የፕሬዚዳንት እጩው ጆን ኬኔዲ ለወይዘሮ ኮሬታ ስልክ መደወላቸው የዚያን ዓመት ምርጫ ነካው። በ1964 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ የከተማዋ ነጭ ነጋዴዎች ለክብራቸው በሚዘጋጀው እራት ላይ ለመገኘት አንገራገሩ፤ ከንቲባው አይቫን አለንና የኮካ ኮላ መሪዎች ጫና ካደረጉ በኋላ ነው በጥር 27 ቀን 1965 ጥቁርና ነጭ በአንድ አዳራሽ የተቀመጡት። ከተማዋ ዛሬ በስማቸው ትኮራለች፤ ያኔ ግን እንዲህ ነበረች።

ለእኛ ሰው አንድ የሚነገር ነገር አለ፤ ፓርኩ ውስጥ ማንም አይነግረውም። ከ1965 በፊት የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በትውልድ አገር ኮታ የተገደበ ነበር፤ በ1924ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። ያን ኮታ ያስቀረው ሕግ የተፈረመው የመምረጥ መብት ሕጉ በወጣበት በ1965፣ በሁለት ወር ልዩነት፣ በዚያው ኮንግረስ ነው። የመኖሪያ ቤት ሕጉ ደግሞ ኪንግ በተገደሉ በሰባተኛው ቀን፣ በሚያዝያ 11 ቀን 1968 ተፈረመ። ዛሬ በአትላንታ ዙሪያ ባሉት በክላርክስተን ወይም በዲኬተር ውስጥ ቤት ሊከራይ የሄደ ሐበሻ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ቤት ቢከለከል የሚከስበት ሕግ ይኸው ነው። እዚህ አገር ለተወለዱ ልጆች መቃብሩ ፊት ቆሞ ይህን መንገር ከማንኛውም ፓነል ይበልጣል።

መቼ ይሻላል? ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት በር ሲከፈት። በጥር ሦስተኛ ሰኞ፣ በበዓሉ ቀን፣ ሰልፉና መታሰቢያው ደስ ይላል፤ ሕንፃዎቹን ረጋ ብሎ ማየት ግን አይቻልም፤ መንገዶችም ይዘጋሉ። በየካቲትና በጸደይ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ይበዛሉ፤ ሦስት አውቶቡስ ቆሞ ካያችሁ የጎብኚዎች ማዕከሉን ለኋላ ትታችሁ ቤተ ክርስቲያኑን አስቀድሙ። በጠቅላላው ሦስት ሰዓት ያዙ። ሽማግሌ ካለ ተሽከርካሪ ወንበር አምጡ፤ በሕንፃዎቹ መካከል ያለው መንገድ በአብዛኛው ሜዳ ነው።

ጉልበት ካላችሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ምዕራብ፣ ወደ መሀል ከተማ በእግር ሂዱ። በ1956 አንድ ትልቅ የንግድ መጽሔት በዓለም ሀብታሙ የጥቁሮች መንገድ ብሎ የጠራው ኦበርን ይህ ነው። በባርነት የተወለዱት አሎንዞ ሄርንደን የመሠረቱት አትላንታ ላይፍ ኢንሹራንስ ሕንፃ፣ ቢግ ቤቴል ቤተ ክርስቲያን፣ የደቡብ ክርስቲያን አመራር ጉባኤ ቢሮ የነበረበት የፕሪንስ ሆል ሕንፃ፣ ሁሉም በዚህ መስመር ላይ ናቸው። መካከል ላይ አውራ ጎዳናው ሰፈሩን ሰንጥቆ በላይ ያልፋል። የመንገዱ ንግድ ለምን እንደወደቀ ለመረዳት በድልድዩ ስር ማለፍ ይበቃል። ቀን ላይ ሂዱ፤ ምሽት ላይ አይመከርም።

አጠቃላይ ነጥብ፦ ቤተ ክርስቲያኑ ከአምስት አምስት፣ መንገዱና ሰፈሩ አራት ተኩል፣ መቃብሩና ፍሪደም ሆል አራት፣ የጎብኚዎች ማዕከሉ ሦስት። ሁለተኛ ቀን ያለው ሰው መሀል ከተማ ወዳለው፣ በ2014 ወደተከፈተው የሲቪልና የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ይሂድ። እሱ በክፍያ ነው። ሞርሃውስ ኮሌጅ የያዛቸው፣ በ2006 በ32 ሚሊዮን ዶላር ከጨረታ የዳኑት የዶክተር ኪንግ በእጅ የተጻፉ ወረቀቶች በየተራ የሚታዩት እዚያ ነው። ጥቁሮችን በማያስተናግድ ምግብ ቤት ባንኮኒ ተቀምጠው የተቃወሙትን የገጠማቸውን የሚያስመስለው፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ትርኢት፣ ከኋላ የሚመጣው ዛቻና ስድብ፣ ለትልልቆችም ከባድ ነው፤ ትንንሽ ልጆችን አታስቀምጡበት። ከ1965 ጀምሮ ቤተሰቡ የኖረበት የሰንሴት አቬኑ ቤትም በ2019 በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት እጅ ገብቷል፤ ለጉብኝት ክፍት ስላልሆነ ግን ለእሱ ብላችሁ መንገድ አትለውጡ።